አፍንጫው የእሷ፣ ምላሱ የእኔ

ሰኞ፣ ማታ

ክራቫት ዛሬ ያለ ቀልድ ገባ፤ ያኔ ነው ነገር እንዳለ ያወቅኩት። ክራቫት የምንለው የመጠጥ አከፋፋዩን ወኪል ነው፤ ዘነበም ፀሐይ ወጣም ያቺን ቀይ ክራቫቱን ከአንገቱ አያወርዳትም። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን ዘረጋ። ታላቅ እህቴ እትዬ ብርጭቆ መወልወሏን ሳታቆም፣ «በል ተናገረው፣ ምን ጉድ ይዘህ መጣህ?» አለችው።

«ውስኪያችሁ ቀረ» አለ። «አስመጪው አቆመ። እኛም ጋ ያለው የመጨረሻው ካርቶን ነው።»

ውስኪያችን የሚባለው ይህ ባር ከተከፈተ ጀምሮ ሐሙሶቹ የሚጠጡት ነው። ሐሙሶቹ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የማዕዘኑን ጠረጴዛ ይዘው የሚያመሹት ጡረተኞች ናቸው። አለቃቸው ቀያሹ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቤቱን ያቆመው ያ ጠረጴዛ ነው። ሌላው ደንበኛ የሚገባው የእነሱን ሳቅ ሰምቶ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ሆቴል አዲስ ባር ከከፈተ ወዲህ እትዬ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በመስኮት መንገዱን ማየት አብዝታለች። ሐሙሶቹ ከተሻገሩ እኛም ዘግተን ቤታችን መግባታችን ነው።

እትዬ ግን እትዬ ናት። «እንፈልጋለና! በዓለም ላይ ያለው ውስኪ ይሄ አንዱ ብቻ ነው እንዴ?» አለች። «የሚጥማቸው፣ የጡረታ ኪስ የሚችለው ይሁን። ናሙና አምጣልኝ። ሣጥኑ ያማረውን ብቻ እየመረጥክ እንዳታመጣብኝ ደግሞ።» ክራቫት ቀለል ብሎት ወጣ።

«ማን ሊቀምሰው ነው?» አልኳት።

«አፍንጫው የእኔ፣ ምላሱ የአንተ» አለችኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ እንቅልፍ የነሳኝ። ታላቅ እህቴ መጠጥ ካቆመች ስድስት ዓመት አልፏታል። በጠርሙስ መሐል ቆማ፣ ቀኑን ሙሉ ለሰው እየቀዳች፣ አንዲት ጠብታ አፏ አልገባችም። እንዴት እንደምትችለው ባሰብኩ ቁጥር እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። አሁን ግን አፍንጫዋን ብርጭቆ ውስጥ ልትከት ነው። ብትወድቅስ? ያኔ ስትወድቅ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ የማይበት ዓይን የለኝም። ስለዚህ አልለቃትም። ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት እስክቀነስ ድረስ ጉዳት ገማች ነበርኩ፤ «ንብረቴ ተቃጠለ» ያለ ሰው እውነት ተቃጥሎበት እንደሆነ የማጣራ። መጠርጠር ሙያዬ ነው።

ረቡዕ

ናሙናዎቹ ደረሱ፤ አራት ጠርሙስ። ጠዋት፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተሰቀሉ፣ ከእትዬ ጋር ሁለታችን ብቻ ባንኮኒው ላይ ተቀመጥን። ምነው ሰው ሁሉ ባያት ነበር ያልኩት!

ብርጭቆዎቹን ያለ ሳሙና፣ በሙቅ ውሃ ብቻ አለቀለቀቻቸው። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቀድታ በሻይ ሳህን ከደነችና ዝም ብላ ጠበቀች። እኔ ልከፍት ስል እጄን መታ አደረገችኝ። «ተው ማሙሽ፣ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም።» ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ለእሷ ማሙሽ ነኝ። ከዚያ ክዳኑን አነሳችና አፏን ገርበብ አድርጋ አሸተተች፤ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በሌላው። «አፍህን ከዘጋህ አልኮሉ ይመታሃል። እንደ ገረመው ሰው ሁን» አለችኝ። አልተቸገርኩም፤ እሷን ሳይ ይገርመኛል።

የመጀመሪያውን አሽትታ «ጋራዥ» አለችው። ቀመስኩት፤ እውነትም ጋራዥ! ጭስ፣ የዘይት ጨርቅ፣ ከኋላው ደግሞ የፋሻና የአዮዲን ሽታ። ጋራዥ ውስጥ ሰው ቆስሎ የታሸገ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ብስኩት ተባለ። ቅቤ፣ ቫኒላ፣ አሁን ከምድጃ የወጣ ነገር። እንዴት እንደወረደ አላወቅኩም። «ትፋ እንጂ!» ብላ ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ቀማሽ ይተፋል፣ የሚውጥ ጠጪ ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተፋሁ። ብዙውን።

ሦስተኛው ሐር በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ነው የመጣው፤ ሚኒስትሩ አልነው። አራተኛውን ስቀምስ ፊቴ ተጨማደደ። ደረቅ፣ ቆንጣጭ፣ ሰላምታ የማያውቅ። እትዬ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጣለችበትና «አሁን ሞክረው» አለችኝ። እንዴ! ሌላ ሰው! የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ የአሮጌ ቁም ሣጥን እንጨት፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ሙቀት። «ይቺማ አማቴ ናት» አልኩ። መጀመሪያ ፊት ትነሳኛለች፤ ትንሽ ከቆየሁ ደግሞ ከቤት አታስወጣኝም። እትዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስሙ ጸደቀ፤ አማቴ።

«ብርጭቆዎቹን እንዳታጥባቸው» አለችኝ ስንነሳ። «ነገ ጠዋት ባዶአቸውን አሸትታቸዋለሁ። አልኮሉ ሲበር እንጨቱ ብቻውን ይቀራል። ርካሽ በርሜል ያኔ ነው የሚጋለጠው።»

እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን ሲተው ስንት ነገር አብሮ ነው የተወው።

ሐሙስ

ችኮላ። ቤቱ ሞልቷል። የመጨረሻው ካርቶን ተከፈተ። ቀያሹ ወሬው ደርሷቸዋል፦ «እንግዲህ ምን ልታጠጡን ነው?» እትዬ፦ «የሚገባዎትን!» ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሰጋሁ። ምርጫው የተሳሳተ እንደሆነስ?

ከመዘጋቱ በፊት ዕቃ ቤት ገብቼ ብስኩትን ደግሜ ቀመስኩት። ምላስ ካልተለማመደ ምን ዋጋ አለው።

ቅዳሜ

እትዬ ዛሬም ደረቅ ብርጭቆዎቹን ስታሸት ነው ያገኘኋት። ሚኒስትሩን አሽትታ ከንፈሯን አጣመመች፤ «ልብሱ እንጂ ሰውነቱ የለም» አለች። አማቴን ስታሸት ግን ዓይኗን ጨፈነች። በመጨረሻ ባንኮኒው ጥግ ትናንት ማታ የተውኩትን የሻይ ብርጭቆዬን አንስታ አሸተተችው። ሳቅሁባት። «እሱ እኮ የእኔ ሻይ ነው!»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለችና አስቀመጠችው። አላጠበችውም።

ከሰዓት ዕቃ ቤት ገባሁ። ብስኩት ጎድሏል። እኔ ከቀመስኩት በላይ ጎድሏል። የእኔ ጠብታ ናት፤ ይሄ ግን ጥሩ ጥሩ መለኪያ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ባንኮኒው ሥር ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ የሚያውቀው እኔና እትዬ ብቻ ነን።

አይሆንም። እትዬ አታደርገውም።

ማክሰኞ

ናሙናዎቹ ከመጡ ወር ሆነ፤ ክራቫት ያለቀውን በአዲስ ተክቷል። ብስኩትንና አማቴን ለአንድ ማታ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። ምክንያቴ ግልጽ ነው፤ ባር ውስጥ የሲጋራና የሰው ሽታ ያሳስታል። ባለቤቴ ጠርሙሶቹን አየች፣ እኔን አየች። «ሥራ ነው» አልኳት።

«ማስቲካውስ?» አለች።

«የምን ማስቲካ?»

«ኪስህ ሙሉ ነው። ልብስህን ሳጥብ።»

ቀማሽ አፉን ማጽዳት እንዳለበት አስረዳኋት። እራት አቀረበችና ቀድማኝ ተኛች። ስለ ሙያ ለሴትዮዬ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ እሷ ውስኪ ሁሉ አንድ ነው የሚመስላት። እኔ እንኳ አሁን ነው የገባኝ። ዕድሜ የተጻፈበት ሁሉ አይጥምም፤ ውድ ሁሉ አይበልጥም። አንዱ ለብርድ ነው፣ አንዱ ለጨዋታ፣ አንዱ ብቻውን ለሚቀመጥ። ብስኩት ለሁሉም ይሆናል። አስተማሪዬ እትዬ ናት፤ በአንድ ወር የማላውቀውን ዓለም ከፈተችልኝ።

ግን እሷ ራሷ ምን ላይ ናት? ዛሬ ሁለት ጊዜ ትክ ብላ ስታየኝ ያዝኳት። የሆነ ነገር የሚደብቅ ሰው አስተያየት ነው፤ በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ።

ዓርብ

ዝናብ። ትሪ ወደቀብኝ፤ ስምንት ብርጭቆ። ወለሉ እርጥብ ነበር።

እትዬ ጨርቋን ጣለችና መጣች። ተንበርክካ ከእኔ ጋር ስብርባሪ ለቀመች። ጣቴ ሲደማ በራሷ መሐረብ አሰረችልኝ። እጇ አይንቀጠቀጥም። ከእኔ ይልቅ እሷ የጸናች ትመስላለች፤ ጠጪዎች መምሰል ይችሉበታል እንጂ።

ሰኞ

ዛሬ ሰማሁ። ባልሰማሁ!

ወጥ ቤት ስልክ ይዛ ነበር። ከነርሷ ጋር ነው፤ ያኔ ከመጠጥ ስትወጣ እጇን ይዛ ያወጣቻት ጓደኛዋ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «በየቀኑ ሆኗል» ትላለች። «አዎ… ብቻ ለብቻ፣ ተደብቆ… አይ፣ ለወንድሜ ምንም አላልኩትም። እንዴት ብዬ? አፍ አውጥቼ እንዴት ልናገረው?… ፈርቻለሁ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እትዬ «ፈርቻለሁ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ጠርሙስ ሰብሮ የመጣባትን ሰካራም፣ «ና የኔ ጌታ፣ ጫማህ ተፈቷል፣ ላስርልህ» ብላ አስቀምጣ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ታክሲ ጠርታ የሸኘች ሴት ናት። ከቤቱ ውስጥ ያልተደነቀ አልነበረም። እሷ ነች «ፈርቻለሁ» የምትለው።

እንግዲህ ተመልሳለች። ስድስት ዓመት! ይህን ለመርሳት ትንሽ ቀመስኩ፤ ዛሬ እንኳ ለሥራ ነው አልልም።

ረቡዕ

የሙያ ሰው እንደ ሙያው ነው። በየጠርሙሱ ጀርባ፣ መጠጡ በደረሰበት ልክ ቀጭን ፕላስተር ለጠፍኩ። ፊት ለፊት ሲታይ አይታወቅም። አሁን እንተያያለን።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ብስኩት ከፕላስተሩ ወርዷል። እኔ ማታ ስዘጋ አንድ ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ያውም ፕላስተሩ በትክክል መለጠፉን ለማረጋገጥ። ይሄን ያህል ግን አይደለም።

ዛሬ ሐሙሶቹ ይመርጣሉ። እትዬ ዘዴውን አዘጋጅታለች። ስም የለ፣ ጠርሙስ የለ፣ ዋጋ የለ። አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ከሥሩ ምልክት። «ዓይናቸው እንዲመርጥ አልፈልግም» አለች። ከዚህ የበለጠ ብልሃት ከየት ይመጣል?

ዓርብ

ራሴን ያመኛል። ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም።

ትናንት ጥሩ ተጀምሮ ነበር። ቀያሹ ጋራዥን ቀምሰው «ይሄ ለቁስል ነው ለመጠጥ?» አሉ። ሚኒስትሩን ቀምሰው ደግሞ «ብዙ ተናገረ፣ ምንም አልሰጠኝም» ሲሉ ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አማቴ ቀረበች፤ ከነጠብታ ውሃዋ። ዝም አሉ። ሁሉም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ለእትዬ ፊት ብርሃን ነበር የሆነው። እኔ ግን ብስኩት መመረጥ አለበት ብዬ ሐሳቤን ሰጠሁ። ሐሳብ መስጠት ነውር ነው እንዴ? እትዬ፣ «ብስኩት ሰው ሳያውቀው ነው የሚያልቀው። ለእነዚህ ሰዎች የምፈልገው አንዱን ይዘው የሚያመሹበትን ነው፤ ለጤናቸውም ለኪሳቸውም» አለች። እኔም መለስኩ። ጫጫታ ነበር። ከዚያ ሐሙሶቹ ከወትሮው ቀድመው ተነሱ። በመስኮት ሳይ መንገዱን ተሻገሩ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ፣ «ትናንት ቀያሹን ምን እንዳልካቸው ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

«እንዴት አላስታውስም!» አልኳት።

«ምን አልካቸው?»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ እትዬ። ሰው ሲያረጅ ኩርፊያ ይወዳል።»

ጨርቋን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ «ክቡር ሰው» ብዬ መጀመሬን አስታውሳለሁ። የቀረውን ክራቫት ነው የነገረኝ፤ እሱም ቆሞ ሲሰማ ነበር። «አንተ መሬት እንጂ ውስኪ መለካት ምን ታውቃለህ፣ ነገ ለምትገባበት መሬት አስብ» ብለሃቸዋል አለኝ። አንተ! እኔ ቀያሹን አንተ! አጋኗል። ክራቫት ማጋነን ይወዳል።

ሐሙሶቹ ካልተመለሱ ጥፋቱ የማን ነው? እንዲህ የተረበሽኩት በእሷ ምክንያት አይደል? ሌሊቱን የምገላበጠው የእሷን ነገር እያሰብኩ አይደል?

ቅዳሜ

ተናገርኩ። ወጣልኝ።

ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ጠርሙሶቹን ባንኮኒው ላይ ደረደርኩና ጀርባቸውን አዞርኩላት። ፕላስተሩን አየችው። መጠጡ ከፕላስተሩ ስንት ጣት እንደወረደም አየች። «እትዬ፣ እኔ ወንድምሽ ነኝ» አልኳት። «አልፈርድብሽም። ከነርሷ ጋር ስታወሪም ሰምቼሻለሁ። እየጠጣሽ ነው።»

እሷ ጨርቋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ፕላስተሩን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ሳቅ ሊመጣባት ይመስላል፣ ለቅሶም ይመስላል፤ ፊቷ አልነበብ አለኝ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከምስማሩ አወረደችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያዘው። ሌላ ቁልፍ የለም። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ። እኔ ደግሞ ለጥቂት ቀን ነርሷ ዘንድ ልቀመጥ። ቤቱን አደራ።»

አቀፍኳት። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። እሷ ጀርባዬን እንደ ሕፃን መታ መታ አደረገችኝ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት አመጣች? ስንቱ ሰው ነው ማስረጃ ፊቱ ተቀምጦ «እኔ ነኝ» የሚለው? በሃያ ዓመት ሥራዬ አንድ ሰው እንዲህ አላመነልኝም። ትልቅ ሰው ናት፤ ብትወድቅም ትልቅ ሰው ናት።

ደስ ብሎኛል። ጉዳዩ ታወቀ፤ የታወቀ ነገር መድኃኒት አያጣም። ከስንት ሳምንት በኋላ ዛሬ እተኛለሁ።

እሑድ

ተኛሁ። እንደ ድንጋይ።

ሰኞ

ቤቱን ብቻዬን ከፍቼ ብቻዬን ዘጋሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው። አዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ። እትዬ ደውላ «እንዴት ነህ?» አለችኝ። እኔን ነው እንዴት ነህ የምትለው! «አንቺ እንዴት ነሽ?» አልኳት። ደህና ነኝ አለች።

ብስኩት ትንሽ። የቀኑ ድካም ነው።

ማክሰኞ

ደንበኛ የለም። ዝናብ። ፕላስተሩን ዝቅ አድርጌ ለጠፍኩት።

ረቡዕ

ሶዳ ላወጣ ዕቃ ቤት ገባሁ። ብስኩት ባዶ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ሌላ ቁልፍ አስቀርጻለች። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ስልክ አንስቼ ልጮህባት ደወልኩ፤ ነርሷ አነሳችው። «እትዬ መቼ ነው ወደዚህ የመጣችው?» አልኳት። «የት?» አለች። «ከቅዳሜ ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት። ለሰላምታ እንኳ ከደጅ አልወጣችም።»

ዘጋሁት።

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁት። በሩን አየሁት። ጠርሙሱን አየሁት። ከእኔ በቀር ወደዚህ ዕቃ ቤት የገባ ሰው የለም።

ከእኔ በቀር የገባ ሰው የለም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አማቴን አነሳኋት። ይሄንንም ልጻፈው፤ ነገሩ በገባኝ ሰዓት እጄ ቀጥታ የሄደው ወደ ሌላው ጠርሙስ ነው። ቡሹን ከፍቼ ነበር። መልሼ ስከድነው እጄ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ! የእትዬ እጅ ያልተንቀጠቀጠው ለካ የሚደብቀው ነገር ስለሌለው ነው።

ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ፊት ቆምኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ገባህ?» አለችኝ።

ጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ሰኞ

ነርሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። በአንድ ጊዜ ብቻህን አታቁም፣ ሰውነትህ ይደነግጣል ተባልኩ፤ መድኃኒት ተሰጠኝ። ላብ። ቅዠት። ያናድደኛል ሁሉ ነገር፣ የሰዓት ድምፅ እንኳ። ባለቤቴ ማስቲካዎቹን ከየኪሱ ለቅማ ጣለቻቸው። አፍሬ ጣራ ጣራ አየሁ።

እትዬ ወደ ባሩ ተመልሳለች። እኔን ገና አላየችኝም። ምን ዓይን አለኝ!

ዓርብ

ዛሬ ትንሽ በላሁ።

ባለቤቴ ነግራኛለች፤ እትዬ ቀያሹ ቤት ድረስ በዝናብ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች፤ በእኔ ስም። «ወንድሜ ታሟል» ነው ያለቻቸው። ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ በእሷ ላይ ስንት ገጽ ጻፍኩ? መለስ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፤ ደብተሩን ልቀደው ነበር። ተውኩት። ይቀመጥና ያሳፍረኝ።

ሐሙስ

ሁለት ሳምንት አልፎ ዛሬ ቤቱን ረገጥኩት። እትዬ መሄዴን አልወደደችውም ነበር። «ጠርሙስ ያለበት ቦታ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። ይቅርታዬን በአፌ መናገር ስላለብኝ ነው አልኳት። ባንኮኒው ጀርባ እንዳልገባ፣ ሳልቀዳና ሳልነካ ከማዶ እንድቀመጥ፣ ባለቤቴም አብራኝ እንድትሆን ተስማማን። ባለቤቴ ሎሚ የገባበት ሻይ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሐሙሶቹ መጡ። ሁሉም። ዣንጥላቸውን እያራገፉ፣ እየተንጫጩ። ተነስቼ ቀያሹ ፊት ቆምኩ። ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አባቴ፣ አንተ ብዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። እኚያ ሰው ግንባሬን ይዘው ሳሙኝና «ስለ መሬቱ የተናገርከው እንኳ እውነት ነው፤ ቅርብ ነው» አሉ። ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። እኔ አልሳቅኩም፤ እንባዬን መዋጥ ያዝኩ።

የመረጡት አማቴን ነው። ያን ዕለት ከመናደዳቸው በፊት ልባቸው መርጦ ነበር ለካ። ክራቫት፣ በካርቶን ሲወሰድ ዋጋው ከድሮው ውስኪ እንኳ እንደሚቀንስ ነገራቸው። ቀያሹ፣ «ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ለመምረጥ አንዲት ጠብታ ያልቀመሰች ሴት መምረጧ ነው» አሉ። እትዬ ትንሽ የውሃ ማሰሮ ከነማንኪያው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስንት ጠብታ እንደሚበቃ አሳየቻቸው። አንዱን ይዘው አመሹበት። በመስኮት መንገዱን አላየችም።

ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ወጥ ቤት ስታግዝ እኔና እትዬ ብቻ ቀረን። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እኔ ከማዶ ተቀምጬ አያታለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወዲህ ያልተነጋገርነው ነገር መሐላችን ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ለምን እኔ ነኝ አልሽኝ?»

«ሌላ ምን ልበልህ? አንተ ነህ ብልህ ታምነኝ ነበር?»

«አላምንሽም ነበር።»

«እኔም አላምንም ነበር። ለእኔም እንዲሁ ተደርጎልኝ ነው።» ውሃውን ዘጋችው። «ያኔ ብሶብኝ ሳለ፣ ጠርሙሱ ሲጎድል የከሰስኩት ማንን ይመስልሃል? እማዬን።»

«እማዬን?!» ጮህኩ። እማዬን! የሳል ሽሮፕ እንኳ ፊቷን አጨማድዳ፣ አፍንጫዋን ይዛ የምትውጠውን ሴት!

«በጠርሙሱ ላይ በሊፒስቲክ ምልክት አድርጌ ፊቷ ደረደርኩላት። 'አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ አመል ሆነብኝ' አለችኝ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጥታኝ ሻንጣዋን ይዛ አክስታችን ዘንድ ሄደች።»

መሳቅ ጀመርን። እማዬ ሻንጣ ይዛ ስትወጣ፣ ጠጪ ነኝ እያለች፣ ያቺ እንደ ቄጠማ የቀጠነች ሴት! ሳቁ ሆዳችንን አመመን፤ እትዬ በእርጥብ እጇ ዓይኗን ጠረገች። እማዬ ይህን ለማንም ሳትናገር ነው የሞተችው። ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ጨርቅ አንስታ ብርጭቆ ማድረቅ ጀመረች።

«እኔ ነኝ ያልኩህ ዕለት ማታ እንቅልፍ ወሰደህ?» አለችኝ።

ዋሽቼ ባመልጥ በወደድኩ። «ወሰደኝ» አልኳት። «ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።»

ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው።

«እማዬ የሄደች ዕለት እኔንም ወስዶኝ ነበር» አለች።